ሲዲ፣ ዲቪዲና ሸክላ ሳይሰበር በፖስታ ለመላክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎችን እሸጣለሁ፤ አልፎ አልፎ ሸክላም፣ ማለትም የዱሮውን የሙዚቃ ዲስክ፣ አገኛለሁ። ገዢዎቼ ሲያትልም፣ ሚኒያፖሊስም፣ ለንደንም፣ ዱባይም አሉ። አንዳቸውንም በአካል አላውቃቸውም። እኔን የሚያውቁኝ በሚደርሳቸው ዕቃ ብቻ ነው። እንደኔ መሸጥ የጀመሩ ወዳጆቼ ደግሞ ከዋጋ ይልቅ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ማሸግ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ሲዲ ጠንካራ ነገር አይደለም እንዴ? ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?

ሲዲው ጠንካራ ነው። የሚሰበረው መያዣው ነው።

ሲዲ የሚሠራው ከፖሊካርቦኔት ነው። ለሥራ መነጽርና ለሞተረኛ ሄልሜት መስታወት የሚውለው ፕላስቲክ ማለት ነው። ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ያ የምናውቀው ጥርት ያለ ደረቅ መያዣ ግን ፖሊስታይሪን ነው። ፖሊስታይሪን እንደ ብርጭቆ ያምራል፤ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ክዳኑን ከጀርባው ጋር የሚያያይዙ ሁለት ቀጫጭን ጆሮዎች አሉት። መጀመሪያ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ መሃል ላይ ሲዲውን ቀርቅረው የያዙት ጥርሶች ይረግፋሉ። የረገፈው ጥርስ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ውስጥ እየተንከባለለ ሲዲውን ይቧጭረዋል።

የመጀመሪያውን ሲዲ የላክሁት በተራ የወረቀት ፖስታ ነበር። በአንድ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ቴምብር ለጥፌ ሰደድኩት። ገዢዋ የላከችልኝን ፎቶ እስካሁን አልረሳውም። ክዳኑ ተሰባብሯል። የስባሪው ጫፍ ካቨሩን ልክ ዘፋኙ ፊት ላይ ቀዶታል። ሲዲው ይዘፍናል፤ ምንም አልሆነም። እሷ ግን አዘነች፤ ልክም ነበረች። ዘፈኑማ ስልኳ ላይ አለ። ገንዘብ የከፈለችው ለዚያ ወረቀት ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። በብዙዎቹ የቆዩ የኛ ሲዲዎች ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ የሚገኘው ካቨሩ ላይ ነው። ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስም ብቻ ይተርፋል፤ የሌሎቹ ይቀራል። ስለዚህ ስታሽጉ ለወረቀቱና ለመያዣው ብላችሁ አሽጉ። ሲዲው አብሮ ይድናል።

ለመጀመር ምን ምን ልግዛ?

ብዙ አይደለም። ባብል ራፕ፣ ማለትም ያ ፊኛ ፊኛ ያለው ላስቲክ። ለሲዲ የሚሆን ትንሽ ካርቶን ወይም ውስጡ ባብል ያለበት ፖስታ። ሰፊ የካርቶን ስኮች። ሲዲውን ከነመያዣው የሚያስገባ ቀጭን ጥርት ያለ ላስቲክ። የኩሽና ሚዛን። ካርቶን እንኳ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቤት ዕቃ የመጣበትን አትጣሉ፤ እየቆረጣችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ካርቶን ስል ግን የቁርስ ሲሪያል የሚመጣበትን ስስ ወረቀት አይደለም። በሁለት ወረቀት መሃል እንደ ቆርቆሮ የተጠማዘዘ ሌላ ወረቀት ያለበትን ነው። ጥንካሬው ያለው እዚያ ጥምዝ ላይ ነው።

ሲዲውን ከመያዣው አውጥቼ ልላክ ወይስ እንዳለ?

የሁለቱም ወዳጆች አሉ። እኔ እንደ መያዣው ሁኔታ እወስናለሁ።

መጀመሪያ ክፈቱትና ዘቅዝቃችሁ በቀስታ አንቀሳቅሱት፤ እጃችሁን ከታች አድርጉ። ሲዲው ካልወደቀ ጥርሶቹ ይይዛሉ ማለት ነው። ያኔ እንዳለ ይሄዳል። እንዳይነቃነቅ ግን አንድ ነገር ጨምሩ። ንጹሕና ስስ የሆነ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ለስላሳ ወረቀት መሃሉ ላይ፣ ጥርሶቹ አናት ላይ አድርጉና ክዳኑን ዝጉ። ክዳኑ በቀስታ ይጫነዋል። ሲዲው ከቦታው አይወጣም። ክዳኑ እምቢ ካለ ግን አታስገድዱት፤ በዝቷል ማለት ነው።

ጥርሶቹ ከላሉ ወይም ከረገፉ ሲዲውን አውጡት። በወረቀት ወይም በላስቲክ ኪስ አድርጉትና ከመያዣው ጀርባ አስቀምጡት። የረገፉትን ጥርሶች አንድ ሳታስቀሩ አራግፉ።

ስታወጡት መሃሉን በጣት ተጭናችሁ በጠርዙ አንሱት። በአንድ ጎን ይዛችሁ አትሳቡት፤ ሲዲ የሚሰነጠቀው ከመሃሉ ቀዳዳ ነው። የምትጠነቀቁለትም የታችኛውን የሚያብረቀርቀውን ፊት ብቻ አይሁን። መረጃው ያለው ከላይ፣ ጽሑፉ ካለበት ፊት ሥር፣ በጣም ስስ በሆነ ሽፋን ተሸፍኖ ነው። ከታች የተጫረ ሲዲ ሊታደስ ይችላል። ከላይ ተፍቆ አሉሚኒየሙ የተነሳ ግን አለቀለት።

እሺ፣ አንዱን ሲዲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነው የምታሽጉት?

መያዣውን በለስላሳ ጨርቅ እወለውላለሁ። ከዚያ በቀጭኑ ላስቲክ ውስጥ አስገባዋለሁ። ይህ ላስቲክ ሁለት ሥራ አለው፤ ዝናብ ቢገባ ይከላከላል፣ ስኮችም መያዣው ላይ እንዳይለጠፍ ያደርጋል። ላስቲክ ካጣችሁ ንጹሕ ፌስታል ቆርጣችሁ መጠቅለል ትችላላችሁ።

ቀጥሎ በባብል ራፕ ሁለት ጊዜ እጠቀልለዋለሁ። ጫፎቹን አጥፌ በትንሽ ስኮች እይዛቸዋለሁ። ብዙ ስኮች አልወድም። ገዢው ሲከፍት በንዴት በቢላ ይገባበታል፤ እኛ ያዳንነው ካቨር ቤቱ ደርሶ ይቀደዳል። ስለዚህ የስኮቹን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ የሚሳብ ጆሮ እተውለታለሁ። ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። አመስግነው የጻፉልኝ ሰዎች አሉ።

አሁን ካርቶን። ከመያዣው በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲሜትር ያህል የሚበልጡ ሁለት ቁራጮች እቆርጣለሁ። መያዣው 14.2 በ12.5 ሴንቲሜትር ስለሆነ 16 በ15 ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የካርቶኑን ጥምዝ መስመር ተመልከቱ። የአንዱ ቁራጭ መስመር ወደ ቁመት ከሄደ የሌላው ወደ ጎን ይሂድ። ካርቶን በመስመሩ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፤ መስመሮቹ ከተሻገሩ ግን አንዱ የሌላውን ድክመት ይሸፍናል። እንደ ሳንድዊች መሃል አስገብቼ በአራቱም ጎን እይዘዋለሁ።

በመጨረሻ ባብል ያለበት ፖስታ ወይም ትንሽ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ፖስታው ሰፊ ከሆነ ትርፉን አጥፉት። ሲዲው ውስጥ ለውስጥ የሚሄድበት ቦታ ካለ ይመታል።

ከዘጋችሁ በኋላ ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ ነቅንቁት። ምንም ድምፅ መኖር የለበትም። ከተንኳኳ ክፈቱትና እንደገና ሙሉት። እኔ ደግሞ አዲስ ዓይነት አስተሻሸግ ስሞክር የማይረባ ባዶ መያዣ አሽጌ ከጠረጴዛ ላይ በማዕዘኑ እጥለዋለሁ። ያ መያዣ ከተረፈ የገዢው ዕቃም ይተርፋል።

ላዩ ላይ "ተሰባሪ ነው" ብዬ ብጽፍ አይበቃም?

አይበቃም። ፖስታ የሚለየው በማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ማስጠንቀቂያ አያነብም። ስስ ፖስታ ከሆነ በቀበቶና በሮለር መሃል እየተጠማዘዘ ያልፋል። ካርቶን ከሆነ ከላዩ ሌላ ካርቶን ይወድቅበታል። ጻፉት፤ አይጎዳም። ግን ያልተጻፈበት ቢሆን እንኳ የሚተርፍ አድርጋችሁ አሽጉት።

በሲባጎ ልሰረው? እናቴ ካርቶን በሲባጎ ካልታሰረ ታሰረ አይባልም ትላለች።

የእናትዎ ሲባጎ ለአውቶብስ ጣሪያ ነው፤ እዚያ ይሠራል። እዚህ ማሽኑ ይይዘውና ይጎትተዋል፣ ዕቃውም ይቀደዳል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሲባጎ አትጠቀሙ ይላል። ለወረቀት የሚሆነውን ስስ ስኮችም አይፈልገውም። ሰፊውን የካርቶን ስኮች ተጠቀሙ። መሃሉ ላይ አንድ መስመር፣ ሁለቱም ጫፎች ላይ አንድ አንድ። ከሥርም ከላይም።

መያዣው ቀድሞውንም ተሰንጥቋል። ልቀይረው?

ተራ መያዣ ከሆነ ቀይሩት። ባዶ አዲስ መያዣ ርካሽ ነው። የፊቱን ወረቀትና የጀርባውን ወረቀት ቀስ ብላችሁ አውጡና ወደ አዲሱ አስገቡ። የጀርባው ወረቀት ጎኖቹ ላይ የታጠፉ ሁለት ጆሮዎች አሉት። በዕድሜ ስለሚደርቁ ሲቸኩሉ ይቀደዳሉ። እኔ ይህን ሥራ ማታ፣ ስልኩን ዘግቼ ነው የምሠራው። መያዣውን መቀየራችሁን ግን ለገዢው ንገሩ። የዱሮውን እንዳለ የሚፈልግ ሰብሳቢ አለ።

የዋጋ ስቲከር ለማንሳት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትንኩ። ውስጡ አሴቶን ያለበት ፖሊስታይሪንን ያቀልጠዋል፤ ጥርት ያለው ክዳን ደመና ይሆናል። በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቁት፣ በጥፍራችሁ አንሱት፣ የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት አሽታችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ዘይቱ ወረቀቱ ጋ እንዳይደርስ ካቨሩን አስቀድማችሁ አውጡ።

ዲቪዲና ብሉሬይስ?

ቀላል ናቸው። የዲቪዲ መያዣ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሲመታ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰባበርም። አንድ ዙር ባብል ራፕና ጥሩ ፖስታ ይበቃዋል። ችግሩ መሃል ያለው መቆለፊያ ሲላቀቅ ነው፤ እንደ ሲዲው ዘቅዝቃችሁ ፈትሹት። ብሉሬይ ላይ መረጃው ከሚያብረቀርቀው ፊት በታች 0.1 ሚሊሜትር ላይ ብቻ ስለሆነ ያ ፊት በደረቅ ወረቀት እንዳይታሽ።

በቤት የተቀዳ የሠርግ ዲቪዲ ለቤተሰብ ልልክ ነው። ልዩነት አለው?

አለው። በኮምፒውተር የሚቀዳ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው። ቀለሙ ፀሐይና ሙቀት አይወድም። መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት፤ ጥርት ባለ ላስቲክ ብቻ አድርጋችሁም አትላኩት። ላዩ ላይ ወረቀት አትለጥፉ፤ ሚዛኑን ያዛባዋል፣ በመንገድም ይላላል። ጽሑፉን ለዲስክ በተሠራ ማርከር፣ በመሃሉ ጥርት ያለ ክብ ላይ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ቅጂ ቤታችሁ ሳታስቀሩ አንዱን ብቻ እንዳትልኩ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከጠፋ ኢንሹራንስ አይመልሰውም።

ካቨሩ ፕላስቲክ ሳይሆን የሚታጠፍ ካርቶን ነው።

ማዕዘኖቹን ጠብቁ። ሲወድቅ የሚጨፈለቁት እነሱ ናቸው፤ አንዴ ከተጨፈለቁ መቀየሪያ የላቸውም። የሳንድዊቹን ካርቶን በየጎኑ ሁለት ሴንቲሜትር አስበልጡት። ፖስታ ሳይሆን ካርቶን ተጠቀሙ። እርጥበትም ስለሚያበላሸው ላስቲኩን አትርሱ።

አሥር ወይም ሃያ ሲዲ በአንዴ ስልክስ?

አንድ ሲዲ ከነመያዣው መቶ ግራም ገደማ ይመዝናል። አሥሩ አንድ ኪሎ ናቸው። ኪሎ ሲሆን የሚሰብራቸው ውጭ ያለው ሳይሆን የራሳቸው ክብደት ነው። ካርቶኑ ሲወድቅ አንዱ በሌላው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ አምስት አምስት አድርጋችሁ እሰሩ። በየመሃሉ አንድ ስስ ወረቀት ወይም ስፖንጅ አድርጉ። እያንዳንዱን እስር በባብል ራፕ ጠቅልሉ። ካርቶኑ ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ይቅርና በተጨማደደ ወረቀት ሙሉት። ወረቀቱን አጥብቃችሁ ጨምድዱ፤ የላላ ወረቀት በመንገድ ይጠቀጠቅና ቦታ ይከፍታል። ጋዜጣ ከተጠቀማችሁ ቀለሙ ካቨር እንዳይነካ። ሃያ ከሆነ እኔ በሁለት ካርቶን አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጌ እልካለሁ። ፖስታው ትንሽ ይወደዳል። ሃያ መያዣ ከሚሰበር ይሻላል።

ሸክላ እንዴት ነው የሚላከው?

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በሸክላ ስህተት ውድ ነው።

አማርኛችን ይህን ዲስክ "ሸክላ" ያለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ሲቀዱ የነበረው ዲስክ ሼላክ ከሚባል ደረቅ ሙጫ የሚሠራ፣ ከባድና ሲወድቅ እንደ ገል የሚሰባበር ነበር። እንዲህ ያለ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ ካገኛችሁ እንደ ሴራሚክ ሰሃን አሽጉት፤ በሁለት ካርቶን፣ በብዙ ስፖንጅ።

ብዙዎቻችን የምናገኘው ግን ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራውን ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ካይፋም ፊሊፕስም ካሳተሟቸው ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች። ስፋታቸው 18 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ዘፈናቸው በየፊቱ አንድ። ዛሬ በመቶዎች ዶላር የሚሸጡ አሉ። ቪኒል አይሰበርም ማለት ይቻላል፤ ግን ይጣመማል፣ ይጫራል፣ ካቨሩንም ከውስጥ ይቀደዋል።

ዋናው ምስጢር ይህ ነው። ሸክላውን ከካቨሩ አውጡት። ካርቶኑ በጎኑ ሲወድቅ ሸክላው ወደፊት ይወረወርና የካቨሩን ስፌት እንደ ምላጭ ይከፍተዋል። ትልቁ፣ ባለ 30 ሴንቲሜትሩ ሸክላ ከ120 እስከ 180 ግራም ስለሚመዝን ጉልበቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሸክላውን በውስጥ ወረቀቱ እንዳለ ከካቨሩ ጀርባ አድርጉት፤ ሁለቱንም በአንድ የውጭ ላስቲክ አስገቡ። የውስጥ ወረቀቱ ከተቀደደ በአዲስ ቀይሩት፤ የዱሮውን ግን አብራችሁ ላኩ። ያልተከፈተ፣ ፋብሪካ እንዳሸገው ያለ ከሆነ ብቻ ሳትነኩት ገዢውን ጠይቁ።

ላስቲኩ ፒቪሲ አይሁን። ፒቪሲ ወፍራም፣ ለስላሳና ሽታ ያለው ነው። ውሎ ሲያድር የሸክላውን ፊት በጉም ይሸፍነዋል፤ ያ ጉም በመታጠብ አይለቅም። ባብል ራፕም ሸክላውን ራሱን በቀጥታ አይንካው። በሙቀት ክብ ክብ ምልክት ይተዋል።

ከዚያ ያው ሳንድዊች ነው። መስመራቸው የተሻገረ ካርቶኖች፣ ከካቨሩ በየጎኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር የሚበልጡ። ለትልቁ በየፊቱ ሁለት ሁለት አድርጉ። ካቨሩ መሃል ላይ እንዲቆም በላስቲኩ በኩል በስኮች ያዙት። ለሸክላ የተሠራ ካርቶን ይሸጣል፤ ከተቻለ እሱን ግዙ። የፒዛ ካርቶን የሚጠቀም ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ዘይት ያለበት ነው።

ሙቀትና ብርድ ያበላሸዋል?

ለሲዲ ብዙም አትጨነቁ። ቪኒል ግን በሐምሌ ሙቀት በተዘጋ መኪና ውስጥ ይጣመማል። አርብ ከሰዓት አልክም፤ ቅዳሜና እሁድን መጋዘን ወይም መኪና ውስጥ ያሳልፋል። በሙቀቱ ወራት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ሸክላ ካለኝ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ ወይ ብዬ ገዢውን እጠይቃለሁ። እስካሁን ከጠየቅኋቸው አንድም አልተቆጣኝም።

በብርድ ደግሞ ፖሊስታይሪን ይበልጥ ይሰባበራል። ሚኒያፖሊስ በጥር ስትልኩ አንድ ዙር ባብል ራፕ ጨምሩ። ተቀባዩም ካርቶኑን ቤት አስገብቶ ጥቂት ሰዓት ሳይከፍት ያቆየው፤ ወዲያው ከተከፈተ ውስጡ ጤዛ ያዝላል። ይህን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ካርቶኑ ላይ እለጥፋለሁ።

በየትኛው የፖስታ አገልግሎት ልላክ?

አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ ሁለቱን አወዳድሩ። ሚዲያ ሜይል ለመጽሐፍና ለተቀዳ ድምፅና ምስል የተፈቀደ ርካሽ አገልግሎት ነው። የሚከፈለው በክብደት፣ በየፓውንዱ ነው፤ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው። አንድ ሲዲም ሦስት ሲዲም ከነማሸጊያቸው ከ454 ግራም ካላለፉ ዋጋው እኩል ነው። ዘገምተኛ ነው። ፖስታ ቤቱም ከፍቶ የማየት መብት አለው። የቪዲዮ ጌም አይፈቀድም፤ የሱቃችሁን ማስታወቂያም አትጨምሩበት። ሌላው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የተጀመረው ግራውንድ አድቫንቴጅ ነው። ይህ እስከ 100 ዶላር ኢንሹራንስ በውስጡ አለው። አንድ ቀላል ሲዲ ሲሆን የዋጋ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ያኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ብዙ ሲዲ ወይም ሸክላ ሲሆን ሚዲያ ሜይል ኪስ ያድናል።

ፖስታ ቤቱ በነፃ የሚሰጣቸው የፕራዮሪቲ ካርቶኖች ፕራዮሪቲ ሜይል ለሚባለው አገልግሎቱ ብቻ ናቸው። ገልብጣችሁ ብታጥፏቸውም አይፈቀድም።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ የአገሩ ፖስታ ቤት፣ ሮያል ሜይል፣ ላርጅ ሌተር (ትልቅ ደብዳቤ) የሚለውን ልክ ያዙ፦ 35.3 በ25 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ እስከ 2.5 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ እስከ 750 ግራም። የሲዲ መያዣ ውፍረቱ አንድ ሴንቲሜትር ነው። ሳንድዊቹና አንድ ዙር ባብል ተጨምሮበትም ያልፋል። በማስመሪያ ለኩት፤ በትንሽ ከበለጠ የጥቅል ዋጋ ያስከፍላችኋል።

ወደ ውጭ አገር ስልክ የጉምሩክ ወረቀቱ ላይ ምን ልጻፍ?

እውነቱን። "ያገለገለ የሙዚቃ ሲዲ፣ 1" ብላችሁ የተሸጠበትን ዋጋ ጻፉ። "ስጦታ ብለህ ጻፍልኝ" የሚል ገዢ አለ። አልጽፍም። ሐሰት ነው፤ ዕቃው ቢጠፋም የሚካሰው የተጻፈው ዋጋ ነው። የዕቃ መለያ ቁጥር ከተጠየቃችሁ ለተቀዳ ሲዲና ዲቪዲ 8523.49፣ ለሸክላ 8523.80 ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ትንሽም ዋጋ ያለው ዕቃ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላሉ። ገዢው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ጉምሩክ ሊከፍተው ስለሚችልም በቀላሉ ተከፍቶ በቀላሉ የሚዘጋ አድርጋችሁ አሽጉ።

ወደ ኢትዮጵያስ?

አገር ቤት አድራሻ ማለት በብዛት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ማለት ነው። የመንገድና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። የተቀባዩን ሙሉ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ፖ.ሳ.ቁ.፣ ከተማውንና ስልክ ቁጥሩን ጻፉ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ብትጽፉት ጥሩ ነው። የራሱ ሳጥን ከሌለው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የዘመዱን ይጠይቅ።

ብዙዎቻችን ግን ሰው ሲሄድ ነው የምንልከው። ያኔም አሽጉ። ሻንጣም ይወረወራል። ሲዲውን ከሻንጣው ግድግዳ አርቃችሁ መሃል ላይ፣ በልብስ መሃል አድርጉት። ለሚወስደው ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ክፈቱና አሳዩት። ያለዚያ ስኮች በስኮች የሆነ ዕቃ ማንም ደስ ብሎት አይቀበላችሁም።

ተሰብሮ ቢደርስ ወይም ቢጠፋስ?

ከማሸጌ በፊት ፎቶ አነሳለሁ፤ መያዣውን ከፊትና ከኋላ፣ ሲዲውን ከሁለቱም ፊት፣ ከዚያ የታሸገውን። መከታተያ ቁጥሩን በዚያው ቀን ለገዢው እልካለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለቱም አድራሻ ያለበት ወረቀት እጨምራለሁ፤ የላዩ ቢቀደድ ከፍተው ያገኙታል። አሮጌ ካርቶን ከሆነ የቀድሞውን አድራሻና ባርኮድ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ ዕቃው ወደ እኔው ተመልሶ መጥቷል።

ከተሰበረ ገዢው ማሸጊያውን ሳይጥል ፎቶ ያንሳ። ለኢንሹራንስ የሚጠየቀው እሱ ነው። መያዣው ብቻ ከሆነ የተሰበረው በዚያው ሳምንት አዲስ መያዣ እልክለታለሁ። ካቨሩ ከተቀደደ ገንዘቡን እመልሳለሁ። አልከራከርም።

የማሸጊያውን ዋጋ ገዢው ላይ ልጨምር?

ጨምሩ፤ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ። የባብል ራፑና የካርቶኑ ወጪ ጥቂት ሳንቲም ወይም አንድ ዶላር ቢሆን ነው። ሙሉ ወጪውን ከመጀመሪያው በመላኪያው ዋጋ ውስጥ አስገብታችሁ ጻፉት። ከተስማሙ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ ማንም አይወድም።